ፉከራ ያልደረሰለት ጥይት

በአገራችን ለጠመንጃ ያልተፎከረ ፉከራ የለም ማለት ይቻላል። ሰናድሩ፣ ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ አልቤኑ፣ በልጅጉ እያንዳንዱ በስሙ ተወድሷል፤ በሽለላና በቀረርቶ ገብቷል፤ የወንድ ልጅ ማዕረግ መለኪያ ሆኖም ኖሯል። የታሪክ ጸሐፊዎቻችንም ስለ አንድ ጦርነት ሲጽፉ ስንት ሺህ ጠመንጃ እንደ ተሰለፈ ቆጥረው ይነግሩናል። ስለ ጥይቱ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ዕድሜዬን ሁሉ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የካምባ ሰው ነኝ፤ ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝም ይኸው ጉድለት ነው። ጠመንጃ ብቻውን ኢላማ አይመታም። መምታትና መሳት ከሁሉ በፊት የሚወሰነው በጥይቱ ነው። የድሮ አዳኞቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ እውቀታቸው ግን ሳይጻፍ ከነሱ ጋር መቃብር እየወረደ ነው።

እኔ ነገሩን የተማርኩት ከአያቴ ነው። ካምባ ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብ፣ በጋሞ ተራሮች ላይ ያለ አገር ነው። ደጋው ገብስና እንሰት ያበቅላል፤ በክረምት ጉሙ ከቀትር በፊት አይገለጥም። ቁልቁል ሲወረድ ግን አገሩ ይለወጣል፤ ሣሩ ይረዝማል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የማዜ ወንዝ ወደ ኦሞ የሚሄድበት ሜዳ ይመጣል። ቆርኬው፣ ጎሹ፣ ከርከሮው፣ አንበሳው የሚገኘው እዚያ ነበር። የአያቴ ዘመን ሰዎች ደጋ ላይ ይኖሩና ለአደን ወደ ቆላው ይወርዱ ነበር። አያቴ አንድ ውጅግራ ነበራቸው። ጠመንጃው ከምሰሶው ጋር በጠፍር ተሰቅሎ ለእንግዳ ይታያል። ጥይቱ ግን አይታይም፤ በቆዳ ተጠቅልሎ፣ ጢስ በሚደርስበት ቆጥ ላይ፣ ከልጅ እጅ ርቆ ይቀመጥ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ሆኜ ቁጥር ማንበብ ስጀምር አያቴ ሥራ ሰጡኝ። ጥይቶቹን ቁርበት ላይ ይዘረጉና አንድ በአንድ እያነሡ «እስቲ ቂጡን አንብብልኝ» ይሉኛል። በናሱ ቀለህ ቂጥ ላይ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር ተቀርጿል። እኔ ቁጥሩን እጠራለሁ፤ እርሳቸው ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ያከማቻሉ። ቁጥሩ ጥይቱ የተሠራበት ዓመት መሆኑን የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያለባቸው ጥይቶች አንድ ዓይነት እንደሚመቱ፣ የተለያየ ጽሑፍ ያለባቸው ተደባልቀው ሲተኮሱ ግን አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ እንደሚል በልምድ ደርሰውበታል። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ የኢላማ ተኳሾች ሁሉ የሚጀምሩት ከዚሁ ሕግ ነው፤ አንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ባሩድ የሞላውን ጥይት ከሌላው አትቀላቅል ይላሉ።

ውጅግራ ምን ዓይነት ጠመንጃ እንደ ነበረ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው የግራ ጠመንጃ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ አረሩ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ሲሆን ከኋላው 5 ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድ ይገፋዋል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን የሌበል ጠመንጃ ሲሠሩ ውጅግራው ባንድ ጊዜ አረጀ። አውሮፓ ያረጀበትን ጠመንጃ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ነጋዴዎች ወደ እኛ አመጡት። አገራችን በብዛት የታጠቀችው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያ ንግድ ውስጥ ጠመንጃና ጥይት ሁልጊዜ አብረው አልተጓዙም። ስለ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ስለ አርተር ራምቦ ብዙዎች ሰምተዋል። ግጥም ትቶ በሐረርና በሸዋ ነጋዴ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ከታጁራ አስነሥቶ ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው ጭነት ወደ 2 ሺህ የሚሆን በካፕሱል (ሲመታ ባሩዱን በሚያቀጣጥል ትንሽ የብረት ቆብ) የሚተኮስ አሮጌ ጠመንጃና 60 ሺህ የሬሚንግተን ጥይት ነበር። በካፕሱል የሚተኮሰው ጠመንጃ ባሩዱና አረሩ በአፈሙዙ በኩል ይጠቀጠቅበታል እንጂ የሬሚንግተንን ጥይት አይጎርስም። ጠመንጃው ለአንዱ፣ ጥይቱ ለሌላው መሣሪያ የተሠራ መሆኑ ነው። ለምኒልክ ጥይቱ ዋጋ ነበረው፤ የሬሚንግተን ጠመንጃ በአገሩ በብዛት ገብቶ ነበርና፤ በተለይም የግብፅ ጦር በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከተመታ በኋላ የተማረከው ጥቂት አይደለም። የዚያን ዘመን የጦር መሣሪያ መዝገብ የሚያነብ ሰው «ይህን ያህል ሺህ ጠመንጃ» የሚለውን ሲያይ «የትኛው ጥይት አብሮት አለ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የምኒልክ ጦር ወላይታን በ1887 ዓ.ም. ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የጋሞ ደጋዎችም በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገቡ። ጨንቻ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነ፤ ወታደሩ ሰፈረ፤ ገበሬው ገባር ተባለ። በጦርና በጋሻ ይዋጋ የነበረው የጋሞ ሰው ጠመንጃን መጀመሪያ ያየው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ይህ መራር ታሪክ ነው፤ ሳይድበሰበስ መነገር አለበት። ጠመንጃው ቀስ በቀስ ወደ ባላባቱ፣ ከዚያም ወደ አዳኙ እጅ ገባ። ጥይቱም ከጠመንጃው ጋር፣ አንዳንዴም ከጠመንጃው ቀድሞ፣ ወደ ገበያ ገባ።

ወደ ገበያ ገባ ስል እንዲሁ ለመሸጥ ማለቴ አይደለም። ጥይት ራሱ ገንዘብ ነበር። የማርያ ቴሬዛ ብር ትልቅ ገንዘብ ነው፤ እሱን ይዞ ጥቂት በርበሬ ወይም አንድ ዕቃ ቅቤ መግዛት ያስቸግራል። ምኒልክ በ1880ዎቹ የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም የሩቅ አገር ገበያ ቶሎ አልተቀበለውም። አሞሌ ጨው ዝርዝር ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል፤ በደቡቡ የብረት ቁራጭም ለመገበያያ ውሏል። ጥይት በነዚህ መካከል ገባ። በብዙ የአገሪቱ ክፍል፣ በተለይም በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ገበያዎች፣ የውጅግራ ጥይት የብር ዝርዝር ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። መጠኑ አንድ ዓይነት ነው፤ አይሰበርም፤ እንደ ጨው ዝናብ አያሟሟውም፤ ሁሉም ይፈልገዋል።

ለተኳሹ ግን ይህ ትልቅ ጉዳት ነበረው። የውጅግራ አረር ራቁቱን እርሳስ አይደለም፤ ዙሪያውን በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ነው። ወረቀቱ እርሳሱ ከበርሜሉ ብረት ጋር እንዳይፋተግ ይከላከላል፤ በበርሜሉ ውስጥ ያሉትን ጥምዝ መስመሮች ይዞ አረሩን ያሽከረክራል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ ተቀድዶ ይረግፋል። ጥይቱ ዓመታት በስልቻና በመቀነት ሲዞር፣ በነጋዴ ጣት ሲቆጠር፣ በአህያ ጭነት ሲንኳኳ ወረቀቱ ይላጣል፤ ለስላሳው እርሳስ ይጎደጉዳል፤ ቀለሁ ከአረሩ ጋር የተያያዘበት አንገት ይላላል፤ እርጥበት ወደ ባሩዱ ይገባል። እንዲህ ያለው ጥይት ገበያ ላይ ከአዲሱ እኩል ሊቆጠር ይችላል፤ ኢላማ ላይ ግን እኩል አይደለም። ወረቀቱ የተላጠበት አረር እርሳሱን በበርሜሉ ውስጥ እየለቀለቀ ይሄዳል፤ ከሱ በኋላ የሚተኮሰው ደህናው ጥይት እንኳ ይስታል። አንድ መጥፎ ጥይት የሚያበላሸው የራሱን ተኩስ ብቻ አይደለም።

የጥይት ምርጫ በታላቁ የታሪካችን ቀን ላይም የራሱ ድርሻ ነበረው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው የኢጣሊያ ጦር በዚያን ጊዜ አዲስ የሆነው የ1891 ሞዴል፣ ጢስ አልባው 6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በአገሩ ነበረው። ይሁን እንጂ አብዛኛው እግረኛ የተዋጋው በአሮጌው ቬተርሊ ነው። የአዛዡ የጄኔራል ባራቲየሪ ምክንያት በመጋዘን የተከማቸው የአሮጌ ጥይት ክምችት እንዲያልቅ መፈለግ ነበር ይባላል። ጥይት ለመቆጠብ ተብሎ የተሻለው ጠመንጃ ቀረ። ዓድዋን ያሸነፈው የኢትዮጵያውያን ብዛት፣ አንድነትና ጀግንነት መሆኑ አያከራክርም። ቢሆንም የጥይት ጉዳይ ታናሽ ጉዳይ ነው ለሚል ሰው ይህን ምሳሌ አቀርብለታለሁ።

ወደ አያቴ ቁርበት ልመለስ፤ ዋናው እውቀት ያለው እዚያ ነውና። እህል ዘሪ ለዘር የሚሆነውን ገብስ ከሚበላው እንደሚለይ፣ አያቴም ጥይቱን ይለዩት ነበር። መጀመሪያ በጽሑፉ ይመደባል። ቀጥሎ የቀለሁ አንገት በጣት ይዳሰሳል፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ወደ ጎን ይሄዳል። ናሱ አረንጓዴ ዝገት ካወጣ ይጠረጠራል፤ ዝገቱ ካፕሱሉ አካባቢ ከሆነ ጭራሽ አይታሰብም። የአረሩ ወረቀት ሙሉ የሆነውና ያልሆነው ይለያል። ከዚያ ሚዛን ይመጣል። ሚዛን ስል በቀጭን ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት ቅርፊት ተንጠልጥሎ የተሠራውን ነው። በአንድ በኩል ደህና መሆኑ የተረጋገጠ ጥይት ይቀመጣል፤ በሌላው በኩል የሚፈተነው። ቀለል ያለው ባሩድ የጎደለበት ወይም አረሩ የተፋቀ ነው ተብሎ ይገመታል።

የተለዩት ሁለት ክምር ይሆናሉ፤ የአደንና የለቅሶ። በለቅሶ ላይ ለሟቹ ክብር ወደ ሰማይ ይተኮሳል፤ እዚያ የሚፈለገው ድምፁ ነውና የተጠረጠረው ጥይት ለዚያ ይውላል። ለአደን የሚወሰደው ግን ቁጥሩ ጥቂት፣ እምነቱ ሙሉ የሆነው ነው። አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ ጎሽ ፊት የሚቆም ሰው ሁለተኛ ዕድል የለውም። (ወደ ሰማይ መተኮሱን በበኩሌ አልወደውም፤ የወጣ አረር ተመልሶ መውረዱ አይቀርም፤ የሚያርፍበትንም ማንም አያውቅም። አያቴም በእርጅናቸው ይህን ልማድ ተቃውመዋል።)

ቀለህ አይጣልም ነበር። የውጅግራ ካፕሱል ከቀለሁ ቂጥ መካከል ላይ ለብቻው የሚገባ በመሆኑ የተተኮሰው ቀለህ እንደገና ሊሞላ ይችላል። በየቦታው ይህን የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። እርሳስ ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል፤ ባሩዱም አገር ውስጥ ሊዘጋጅ ይችል ነበር። ሆኖም በእጅ የተሞላው ከፋብሪካው ጋር አይስተካከልም። አረሩ አንዱ ከአንዱ ይለያያል፤ ባሩዱ በግምት ይገባል። አያቴ ደጋግሞ የተሞላ ቀለህ ከርቀት ለሚተኮስ ነገር አይጠቀሙም ነበር። «ይህ የዝንጀሮ ነው» ይሉታል፤ ከእህል ማሳ ላይ ዝንጀሮ ለማባረር ማለታቸው ነው።

ጥይቱ ከተመረጠ በኋላ የበርሜሉ ጽዳት ይከተላል። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ጋዝነት አይለወጥም፤ ከፊሉ ጥላሸትና ጨው መሰል ዝቃጭ ሆኖ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል። ዝቃጩ ሁለት ጉዳት አለው። ቦታ ይዞ የሚቀጥለውን አረር ከመስመሩ ያናጋል፤ ከአየሩም እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝጋል። በካምባ ጉም ውስጥ ማታ ሳይታጠብ ያደረ ጠመንጃ ጠዋት ቀይ ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ ዘይት ብቻ አይደለም፤ ዘይት ዝቃጩን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። መድኃኒቱ የፈላ ውኃ ነው። አያቴ ከአደን ሲመለሱ ምግብ ከመቅመሳቸው በፊት ውኃ ይጣድላቸዋል፤ በርሜሉን በፈላ ውኃ ያጥቡታል፤ የብረቱ ግለት ራሱ ያደርቀዋል፤ ከዚያ ጨው ያልነካው ቅቤ በጨርቅ ይቀባል። ለአደን ሲወጡ ደግሞ ቅቤው ተጠርጎ ይወጣል፤ ቅባት ካለበት በርሜል የሚወጣ የመጀመሪያ ተኩስ ከተከታዮቹ ጋር አንድ ቦታ አይመታምና።

ማነጣጠርም የራሱ ጥበብ ነበረው። የውጅግራ ማነጣጠሪያ ለጦር ሜዳ፣ ለሩቅ ተኩስ የተሠራ ነው፤ ቅርብ ያለውን ነገር እንደ ዓላሚው ዓይን ቢተኩሱበት ከፍ ብሎ ይሄዳል። የማዜ አዳኞች ይህን ስለሚያውቁ ቆርኬውን ሲያልሙ ከደረቱ ዝቅ ያደርጋሉ። አያቴ ግንድ ወይም ድንጋይ ሳይደገፉ አይተኩሱም ነበር። ቆሞ መተኮስ የፉከራ ነው ይሉኝ ነበር።

አምስቱ የጠላት ዓመታት ሲመጡ የጥይት ችግራችን ምን ያህል እንደ ሆነ ተጋለጠ። በ1928 ዓ.ም. የዘመተው ሠራዊታችን የታጠቀው በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ በተለያየ ጊዜ ከብዙ አገር የመጣ ጠመንጃ ነበር። አንዱ ተዋጊ ያለውን ጥይት አጠገቡ የተኛው ጓደኛው ጠመንጃ አይጎርሰውም። በላዩ ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ተጨመረ። ከነጻነት በኋላ የኢጣሊያ 6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በየቤቱ ገባ። ጢስ አልባ ባሩዱ ለብዙዎች አዲስ ነገር ነበር፤ ጥላሸቱ ስለቀነሰም በርሜል ማጠብ የቀረ መሰላቸው። አልቀረም። የዚያን ዘመን ካፕሱል ሲፈነዳ የሚተወው ጨው እንደ ጥቁር ባሩዱ ዝቃጭ ብረት ይበላል፤ የሚያጸዳውም ያው የፈላ ውኃ ነው። በየመንደሩ ዛሬ የምናያቸው የኢጣሊያ ጠመንጆች ውስጣቸው የተበላው በተኩስ ብዛት ሳይሆን በዚህ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ መጣ። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የተዋጋበት፣ ከ1945 ዓ.ም. የአሜሪካ ወታደራዊ ስምምነት በኋላም በጦራችን ውስጥ የበዛው ኤም ዋን ስምንት ጥይት ይጎርሳል፤ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ይተኩሳል፤ ከተተኮሰው ጥይት ጋዝ ኃይል ወስዶ ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል። በደርግ ጊዜ ሲሞኖቩ ተከተለ፤ እሱ አሥር ይይዛል። ክላሹ ከሁሉም በላይ በዛ። አገሪቱም በደርግ ዘመን በአምቦ አካባቢ የራሷን የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ አቋቋመች።

በዚህ ለውጥ ውስጥ አንድ ነገር ጠፋ። ራሱ የሚጎርስ ጠመንጃ ጥይቱ ላይ የሚጥለው ጥያቄ ከቀድሞው ይበዛል እንጂ አያንስም። በእጅ በሚጎረስ ውጅግራ ደካማ ጥይት ዝቅ ብሎ ይመታል፤ በቃ። ከፊል አውቶማቲኩ ግን ጥይቱ ከደከመ ቀለሁን አይተፋም፤ ቀጣዩን አያጎርስም፤ ይነክሳል። ባሩዱ የማይስማማ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ በኤም ዋን፣ የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ ያጎብጠዋል። ይሁን እንጂ ሰው ጥይት መቁጠርና መምረጥ ተወ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕድል አለ ብሎ። የማየው ሁሉ ጥይት በብዛት የሚያፈስ እንጂ ጥይቱን የሚያውቅ አይደለም።

ይህ ጉድለት በእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ ያለው የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። በሚኖርበት በአሜሪካ በሕግ ተመዝግቦ ከፊል አውቶማቲክ የሆነ የ22 ካሊበር ጠመንጃ ገዝቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ ይተኩሳል። «አጎቴ፣ አንድ ቀን አንድ ላይ ይመታል፤ በሌላ ቀን ይበታተናል፤ ጠመንጃው ተበላሽቶ ይሆን?» አለኝ። ጥይቱን ጠየቅሁት። ከየሱቁ ርካሽ የሆነውን እየገዛ፣ ያገኘውን እየቀላቀለ ነው የሚተኩሰው።

የ22 ካሊበር ጥይት ታሪኩ ረጅም ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ኒኮላ ፍሎቤር እ.ኤ.አ. በ1845 ለቤት ውስጥ ተኩስ ከሠራት ትንሽ ጥይት ይጀምራል፤ ዛሬ የታወቀው ረጅሙ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1887 ወጣ። ልዩነቱ ካፕሱል የሌለው መሆኑ ነው፤ የሚፈነዳው ቅመም የተቀመጠው በቀለሁ ቂጥ ጠርዝ ውስጥ ነው። መርፌው ጠርዙን ሲመታ ይቃጠላል። ቅመሙ በጠርዙ ዙሪያ እኩል ካልተሰራጨ አንዱ ጥይት ፈጥኖ፣ አንዱ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ኢላማው ላይ ከላይና ከታች መበታተን የሚመጣው ከዚህ ነው። ውድና ርካሽ ጥይትን የሚለየውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

እንግዲህ ለልጁ የነገርኩት ይህን ነው። ከአምስት ስድስት ዓይነት ጥቂት ጥቂት ግዛ። ጠመንጃውን የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈህ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ በ50 ሜትር ላይ ከየዓይነቱ አሥር አሥር ተኩስ፤ ለየዓይነቱ አዲስ ወረቀት ስቀል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሸጋገር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ተኩሶች አትቁጠር፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ አረሩን የሚቀባው ሰም የተለየ ስለሆነ በርሜሉ አዲሱን ሰም እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። የአረሩ ክብደት ብዙውን ጊዜ 2.6 ግራም ነው፤ ዋናው ልዩነት ፍጥነቱ ላይ ነው። በሴኮንድ 330 ሜትር አካባቢ የሚሄደው ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው። ከዚያ በላይ የሚፈጥነው በመንገዱ ላይ ፍጥነቱ ቀንሶ የድምፅን ፍጥነት ሲያቋርጥ ይናጋል፤ በሩቁ ላይ ይበታተናል። በሌላ በኩል ግን ጠመንጃህ ከፊል አውቶማቲክ ስለሆነ በጣም የደከመው ጥይት ማጉረሻውን ወደ ኋላ ለመግፋት አቅም ያንሰዋል። በዝግታና በኃይል መካከል ያለውን፣ ጠመንጃህ ራሱ የሚመርጠውን ፈልግ። ስታገኘው ከዚያው እሽግ፣ በሣጥኑ ላይ ቁጥሩ አንድ ዓይነት የሆነውን በብዛት ግዛ። ካዝናው ሲያጎርስ የለስላሳውን እርሳስ ጫፍ እየቧጨረ እንደ ሆነም እይ።

ከጊዜ በኋላ መልሶ ሲደውል የመረጠው ጥይት በጣም ውዱ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ተኩሱ በአንድ ሳንቲም ስፋት ውስጥ እንደ ገባ ነገረኝ። ያ ልጅ አያቴን አላያቸውም። ያደረገው ግን እርሳቸው ቁርበት ላይ ያደርጉት የነበረውን ነው።

የ22 ካሊበር ጠመንጃ በዓለም ሁሉ የጀማሪ ተኳሽ መሣሪያ ሲሆን በእኛ ገጠር ለምን ሥር አልሰደደም? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ጥይቱ ነው። ጠርዙ ላይ የሚተኮስ ቀለህ አንዴ ከተመታ ተበላሸ፤ እንደገና አይሞላም። ጥይት ገንዘብ በሆነበት፣ ቀለህ እንደ ንብረት በሚቀመጥበት አገር አንድ ጊዜ ተተኩሶ የሚጣል ነገር ቦታ አይኖረውም። ስዊሶች እ.ኤ.አ. በ1869 የሠሩት ቬተርሊ ጠርዙ ላይ የሚተኮስ ትልቅ ጥይት ይጠቀም ነበር፤ ኢጣሊያ ያንኑ ጠመንጃ ስትወስድ ጥይቱን ወደ መካከለኛ ካፕሱል ቀየረችው። ወደ አገራችን የገባውም፣ በምርኮም ሆነ በሌላ መንገድ፣ ይህ ሊሞላ የሚችለው ዓይነት ነው።

የማዜ አደን አሁን የለም፤ መኖርም የለበትም። አያቴ ይወርዱበት የነበረው ሜዳ በ1997 ዓ.ም. የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው የስዌይን ቆርኬ እዚያ ተጠልሏል። በአርባ ምንጭ በኩል ያለው ነጭ ሳርም ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ፓርክ ነው፤ ለዚያው ቆርኬ ተብሎ የተከለለ ነው፤ በዚያ ግን ቆርኬው እየተመናመነ ሄዶ ከዓይን ጠፋ። ስለዚህ ስለ አዳኞች ጥበብ የምጽፈው አደን እንዲመለስ አይደለም። ጠመንጃ መያዝም ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድና ምዝገባ የሚፈልግ ነው፤ ትክክልም ነው።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። በካምባ፣ በቦንኬ፣ በዲታ፣ በጨንቻ፣ በአገሪቱ ሌላ ክፍልም ቢሆን፣ በአያት ቆጥ ላይ ወይም በሣጥን ውስጥ የድሮ ጥይት ያለው ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ አትተኩሱት፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ባሩድና ካፕሱል ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ለመክፈትም፣ ለማቅለጥም አትሞክሩ። ለፖሊስ አስታውቁ፤ ነገር ግን ከመስጠታችሁ በፊት የቀለሁን ቂጥ ፎቶ አንሡት፤ ከማን እንደ መጣ፣ በምን እንደ ተገዛ፣ ለምን እንደ ዋለ ከሽማግሌዎቹ ጠይቃችሁ ጻፉት። የተጻፈውን ለወረዳችሁ የባህል ጽሕፈት ቤት ወይም ለአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን ስጡ። ባዶ ቀለህ ያላችሁም ለመዳብ ነጋዴ በኪሎ አትሽጡት። በቂጡ ላይ ያለው ቁጥር የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዓመት የሠራው ጥይት ወደ ጋሞ ደጋ እንደ ወጣ የሚነግረን ጽሑፍ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ዛሬ በሕይወት ሳሉ መጠየቅ አለባቸው።